የወርቅአየሁ ስለት

ጥር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ዳንግላ

ትናንት ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ልጄ ማኔ እጄን ይዛ እየተንጠላጠለች፣ "አባዬ፣ የእማዬ ስለት መቼ ነው የሚያልቀው?" አለችኝ።

"እንዴት?" አልኳት።

"ሰው ሁሉ ይሳላል፣ ሲደርስለት ያስገባል፣ በቃ ያልቃል። ጎረቤታችን እትዬ ምህረቴ እንኳ ጃንጥላ አስገብታ ጨረሰች። የእኔ ለምንድን ነው የማያልቀው?"

"ዐቢይ ጾምን እንደ ትልቅ ሰው ሙሉውን የጾምሽ ጊዜ ያልቃል" አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ እንጃ። ጾሙ ሩቅ መስሎኝ ይሆናል። እሷ ደስ ብሏት እየሮጠች ከፊቴ ሄደች።

የምነግረው ሰው የለኝም። ለነፍስ አባቴ ለቄስ ኪዳኑ እንኳ ግማሹን ነው የምናገረው። እዚህ ልጻፈው።

ባለቤቴ ወርቅአየሁ ምንም አልተሳለችም። እሷ ስታርፍ ማኔ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ለሰው "ሳምባ ነው" አልን። ቀጥሎ ልጅቷ ስትመረመር እሷም ያው ሆነች። ሽሮፑ ይመራታል፣ ትተፋዋለች፣ እኔ እቆጣለሁ። አንድ ቀን ሁለታችንም አልቅሰን ደክሞን ቁጭ ብለን ሳለ፣ "ይኼ እኮ እናትሽ ለጊዮርጊስ የተሳለችው ነው። አንቺ በየማታው ካልዋጥሽላት ስለቷ ይቀርባታል" አልኳት። አየችኝና ዋጠችው። ከዚያ በኋላ እንቢ ብላ አታውቅም። ሽሮፑ በኪኒን ተለወጠ፣ እሷ አልተለወጠችም። ኪኒኑን መዳፏ ላይ ታደርግና ወደ ጣሪያው ቀና ብላ፣ "እማዬ፣ የዛሬው ይኸው" ትላለች። ከዚያ ትውጠዋለች።

ለሰው እንዳታወራም "ስለት አይወራም፤ ከተወራ ይበላሻል" ብያታለሁ። ይህንንም ትጠብቃለች። ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት።

የበሽታውን ስም እዚህም ልጽፈው አልቻልኩም። ብዕሩን አስጠጋሁና መለስኩት።

ጥር 20

እንጅባራ ውለን መጣን። መድኃኒቱ እዚህም አይጠፋም። ግን የዳንግላ ባለጋሪ ሁሉ ልጓሙንና ጠፍሩን የሚያስጠግነው እኔ ዘንድ ነው፤ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ማን ሳያየኝ ይቀራል? ለጓደኛዬ ለይሄነው እንደ ሁልጊዜው "ቆዳ ልገዛ ነው" አልኩት። ጋሪው ላይ ሆኖ ሳቀብኝ። "በየወሩ ቆዳ! አንተ ሰውዬ ጫማ ፋብሪካ ልትከፍት ነው እንዴ?"

ሆስፒታሉ ውስጥ ሲስተር ምሥራቅ ማኔን ልትመዝናት ስትወስዳት፣ አንዲት ልጅ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዮዲት ትባላለች፣ ከዩኒቨርሲቲ ናት። መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ያሏቸው ወላጆች እውነቱን ለልጆቻቸው ነግረዋል ወይስ አልነገሩም የሚል ጥናት ታጠናለች።

"ጋሽ አስማረ፣ ስምዎ የትም አይጻፍም። ያልፈለጉትን አይመልሱ" አለችኝ። አነጋገሯ የቤት ልጅ ነው።

"ልጅዎ መድኃኒቱን ለምን እንደምትወስድ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"ማን ነገራት?"

"እኔ።"

"ምን ብለው ነገሯት?"

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ሱቄ ውስጥ ከጎኔ አስቀምጫት፣ ልጓም በእጄ ይዤ፣ "ልጄ፣ ደምሽ ውስጥ አንድ እልኸኛ ፈረስ አለ። ልግደለው ብትዪ አይሞትም። ኪኒኑ ልጓሙ ነው። ልጓሙን እስካላወለቅሽ ድረስ የትም አይወስድሽም፣ ከሰውም እኩል ትደርሻለሽ" አልኳት ብዬ ነገርኳት። እሷም አንገቴን አቅፋ "እሺ አባዬ" አለችኝ ብዬ ጨመርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ስናገረው ግን ልጓሙ በእጄ ላይ ከበደኝ፣ አንገቴም ሞቀኝ።

ዮዲት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ስንወጣ ሲስተር ምሥራቅ፣ "ያን ጉዳይ ነገርካት ወይ አስማረ?" አለችኝ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ። "ነግሬያታለሁ።" "ጎሽ! እንግዲያው በየወሩ አትንከራተቱ፤ የሦስት ወሩን ላንሣላችሁ" ብላ ሰጠችን። የማኔን በእሷ ቦርሳ አደረግሁት። ሌላውን ከቁራጭ ቆዳዬ ሥር ከተትኩት።

ጥር 22

ነገ የእንጅባራው የፈረስ በዓል ነው። ሥራ ከአቅሜ በላይ። ልጓም፣ እርካብ፣ የተበጠሰ ጠፍር። ወስፌው ጣቴን ወጋኝ። ማኔ ሮጣ መጥታ ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግልኝ ስትል "አትንኪ!" ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

አቤቱ ምን ብዬ ልንገራት።

የካቲት 14

ዮዲት ደወለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። "የልጓሙን ነገር ለአስተማሪያችን ነገርኳቸው ጋሽ አስማረ... ሌሎች ወላጆች... ከፋሲካ በፊት እንሰበስባቸዋለን፣ እርስዎ መጥተው በራስዎ ቃል..." ተቋረጠ። እንደገና ደወለች። "እዚህ ያሉ እናቶች ምን ብለን እንንገራቸው እያሉ ያለቅሳሉ። እርስዎ መንገዱን ያሳዩልን።"

"እግዜር ያውቃል" አልኳት። "እሺ" አድርጋ ወሰደችው። እኔም አላረምኳትም። ከስብሰባው በፊት እነግራታለሁ። ልጓሙን ይዤ፣ ልክ እንደዚያው አድርጌ። ያኔ ውሸቱ እውነት ይሆናል።

የካቲት 27፣ ቅበላ

የይሄነው ጋሪ መንገድ ላይ ጠፍሩ ተበጥሶ፣ ፈረሱ ደንግጦ፣ ጭነቱ ፈስሶ። በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ማኔ አጠገቤ ቆማ ስለ ጾሙ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። ሙሉውን ልጹም ነው መሰለኝ። "እሺ በይኝ እንጂ አባዬ፣ እንዲያ ላድርግ?" ትላለች። ይሄነው "አስማረ፣ በሞቴ ቶሎ በል!" ይላል። "እሺ፣ እሺ" አልኳት። ምኑን እሺ እንዳልኩ በቅጡ አልሰማሁም። ጉንጬን ሳመችኝ።

መጋቢት 6

ልጄ እየጾመች ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከንፈሯ ደርቆ አያታለሁና "ትንሽ ቅመሺ" ስላት "እንዴ! አፈርሰዋለሁ እንዴ?" ብላ ትቆጣኛለች። በእናቷ ወገን ወደ አዘና ያሉት እንዲህ ናቸው፣ ከያዙ አይለቁም። ወርቅአየሁ በአውኚ ቋንቋ እየዘፈነች ስታስተኛት የነበረውን አንድ ሁለት ቃል ዛሬም ታውቀዋለች።

ይሄነው አይቷት፣ "ልጅህን ልታመነኩሳት ነው እንዴ? ምነው እንዲህ ከሳች?" አለኝ። "ጾም ነዋ" አልኩት። የውስጤን ልናገር፣ ኮራሁ። ቄስ ኪዳኑም "እንዳንተ ያለ ልጁን ለጾም ያሳደገ ስንቱ ነው" ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ እንጂ ደስ ብሎኛል።

የማታው ዜና ሲጀምር ነው የምትውጠው። በዚያ ሰዓት እኔ ጓሮ ስለምሆን አላያትም። "እማዬ፣ የዛሬው ይኸው" ስትል ድምጿን ከሰማሁ ግን ሰነበትኩ። ጠርሙሱን አነሣሁና አየሁት፣ እንደሚገባው ጎድሏል። እያደገች ነው፣ በልቧ ትለው ይሆናል። እንዲያ ሆኖም ቤቱ ጭር አለብኝ።

መጋቢት 15

ሳል። አቧራ ነው ብያለሁ። ነገሩ ሁሉ አቧራ ነው በዚህ ወር።

መጋቢት 20

ሳሉ አልለቀቃትም። መምህሯ አስማረ ልጅህን አሳርፋት ብለው ላኩብኝ። "እንጅባራ እንሂድ" አልኳት። "ቀጠሮዬ አልደረሰም፣ ደግሞ እዚያ ብዪ ጠጪ ይሉኛል" አለች። አላስገደድኳትም። ሄጄስ ሲስተር ምሥራቅ ከልጅቷ ጋር ብታወራስ? ታውቃለች ብያታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ያልሄድኩት በዚህ ነው። ጌታዬ ሆይ፣ በዚህ ነው።

መጋቢት 23

ዛሬ የጊዮርጊስ ነው። ማኔ ትኩሳት ስላላት እትዬ ምህረቴን አጠገቧ ትቼ ሄድኩ፤ ምህረቴ ግን ቅዳሴው ሳያልቅ ለመሳለም መጥታ አየኋት። ከቅዳሴ በኋላ እንደ ወትሮዬ ከሰበካው ሰዎች ከእነ ሀብቱ ጋር ስለት ለመቀበል ቆምኩ። ጧፍ መጣ፣ ዕጣን መጣ፣ አንድ ጃንጥላ መጣ። ከሴቶች በኩል በመጣው ቅርጫት ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ነገር ነበረች።

"ፍታት እስቲ፣ ወርቅ ትሆናለች" አለኝ ሀብቱ።

ጨርቁን ሳየው ዓይኔ አወቀው፣ ልቤ እንቢ አለ። ፈታሁት። ኪኒን ነው። እፍኝ ሙሉ ኪኒን።

"ጊዮርጊስን አመመው እንዴ!" አለ አንዱ። ሳቁ።

ሀብቱ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁን አቆመ። "ተወው፣ ተወው! የእነዚያ የበሽተኞቹ ነው፣ አውቀዋለሁ። ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው ቤተ መቅደስ የሚያመጣው! እጅህን ታጠብ አስማረ።"

ውኃ አመጡልኝ። ታጠብኩ። በሰው ፊት፣ እጄን እያሻሸሁ፣ የልጄን ስለት ከእጄ ላይ ታጠብኩት።

ቄስ ኪዳኑ ከደጀ ሰላሙ በር ቆመው ያዩኝ ነበር። ጨርቁን ከነኪኒኑ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። ጨርቁ ከወርቅአየሁ ነጠላ ጥለት የተቀደደ ነው።

ቤት ስደርስ ማኔ እንደ ተኛች ናት። ፊቷ ይነድዳል። "ገባልኝ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ስለቱ ነዋ። እኔ መነሣት ሲያቅተኝ በእትዬ ምህረቴ ላክሁት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ አይወራም ብለኸኛል። ቅበላ ዕለት ጠይቄህ እሺ ብለኸኝ የለም? ከነገ ጀምሮ ሙሉውን ልጹም ነው፣ ኪኒኑን ከእንግዲህ ሳልውጠው ለጊዮርጊስ ባስቀምጥለት ይሆናል ወይ ብዬህ? በየማታው አንድ አንድ እያወጣሁ ቋጠርኩለት። አንዱንም አላጠፋሁም።"

ይሄነው በሩ ላይ ሲጮህ የነበረበት ያ ቀን። ጉንጬን የሳመችኝ ቀን።

"ተቀበሉት?" አለችኝ ደግማ።

"ተቀብለውታል" አልኳት።

መጋቢት 24

ሌሊቱን አላወቀችኝም። እናቷን ትጠራለች።

ሲነጋ ይሄነውን ጠራሁት። ጋሪው ላይ ጋቢ አንጥፎ አስተኛልኝ። መናኸሪያ ስንደርስ "እንጅባራ ነው" ስለው ፈረሱን እያየ፣ እኔን ሳያይ እንዲህ አለ፦ "በየወሩ ቆዳ ልትገዛ ትሄድና መዳፍ የምታህል ቁራጭ ይዘህ ትመጣለህ። እኔን ሞኝ አደረግኸኝ አይደል? ሂድ። ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ። ደግሞ የሚጠይቀኝ ቢኖር ቆዳ ሊገዛ ሄደ ነው የምለው።"

ስንት ዘመን ያውቅ ኖሯል። ከእኔ ጋር እየበላ፣ በአንድ ጣሳ እየጠጣ።

መጋቢት 29፣ እንጅባራ

ኦክስጅኑን ዛሬ ነቀሉላት። ሳምባዋን ነው የያዛት። ወርቅአየሁ ስታርፍ ለሰው የተናገርኩት ውሸት ዞሮ ልጄ ላይ እውነት ሆነ።

ሲስተር ምሥራቅ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "አታውቅም ነበር ማለት ነው" አለች፣ እንደ ጥያቄም አይደለም። "እኔም እኮ አንድ ጊዜ እሷን መጠየቅ ነበረብኝ።" ስለተቋረጠ መድኃኒቱ ወደ ሌላ ዓይነት ሊቀየር እንደሚችል ነገረችኝ።

ከሰዓት በኋላ ዮዲት የማኔን መታመም ሰምታ መጣች፣ ብርቱካን ይዛ። በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት።

"ልጄ፣ የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። ጽፈሽው ከሆነ ሰርዢው።"

ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። "የልጓሙስ?" አለችኝ።

"እሱም።"

"ታዲያ ያን የመሰለ ቃል ከየት አመጡት ጋሽ አስማረ?"

"ልነግራት የምመኘውን ነው የነገርኩሽ።"

ብርቱካኑን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። "ስብሰባው ይቀራል። ለእኔ የነገሩኝን ለእሷ ይንገሯት። ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው የሚገባው።"

ሚያዝያ 3

ነገርኳት።

ልጓም ይዤ አልነበረም። ልጓሙም ፈረሱም ጠፉብኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ "ኪኒኑ ስለት አይደለም። ደምሽ ውስጥ ያለ በሽታ አለ፣ እሱን የሚይዝልሽ ነው" ብቻ ነው ያልኩት።

"ኤች አይ ቪ ነው?" አለችኝ።

እኔ ስንት ዓመት ያልጻፍኩትን እሷ እንዲህ በቀላሉ ተናገረችው። "በትምህርት ቤት ክበብ ተምረናል። እኔ እኮ መዝሙሩን የማስዘምረው ነኝ። መድኃኒቱን በትክክል የወሰደ እንደ ሰው ይኖራል፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም ብዬ ለሌሎቹ አስተምራለሁ።" ትንሽ አሰበች። "ለራሴ መሆኑን ሳላውቅ።"

ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም። ጣሪያውን ስታይ ቆየች። ያ ጣሪያ የማናውቀው የሆስፒታል ጣሪያ ነው፣ ግን እንደ ቤታችን አድርጋ ነው ያየችው።

"እማዬ አልተሳለችም ማለት ነው?"

"አልተሳለችም።"

"ምንም?"

"ታምማ ነበር የኔ ልጅ። ጊዜ አላገኘችም።"

"እንግዲያው ምንም አልተወችልኝም" አለች። በሽታውን የሰማች ጊዜ ያልወጣው እንባ ያኔ ወጣ። እኔ መድኃኒት እንድትውጥ ብዬ ነበር የነገርኳት። እሷ ግን በየማታው እናቷን ስታገኝ ኖራለች። ልጄን ከእናቷ ለሁለተኛ ጊዜ ለየኋት።

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ሀብቱ ውኃ ያፈሰሰልኝ እጅ ነው። መልሼ ሰበሰብኩት።

ሲቃዋ በረድ ሲል ዞር ብላ አየችኝ። "አንተስ? ጓሮ ሆነህ የምትውጠው? ቆዳው ሥር የምትደብቀው?"

ወደ በሩ ዞርኩ።

"እሱንም እማዬ የተሳለችልህ መስሎኝ ነበር። ሁለታችንንም የምታስበን መስሎኝ። አይወራም ስላልከኝ ነው ያልጠየቅሁህ።" እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር ከተተች። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምትወስደው?"

"ካንቺ ትንሽ ቀደም ብዬ" አልኳት።

"ትንሽ" በምትለው ቃል ውስጥ ወርቅአየሁ ታምማ ያረፈችበት ጊዜ ሁሉ አለ። ማኔ ዛሬ አልጠየቀችኝም። አንድ ቀን ትጠይቀኛለች፣ ዕድሜ ከሰጣት። ያንን እዚህም አልጽፈውም።

ሚያዝያ 18፣ ዳንግላ

ቤት ገባን። ሰሙነ ሕማማት ነው።

ቄስ ኪዳኑ መጡ። ማኔን አትጹሚ ብለው ገዘቷት። እኔ ከጉልበታቸው ወድቄ ንስሐ ስጡኝ ስላቸው፣ "ውኃ ሲያፈሱልህ አይቼሃለሁ። መጀመሪያ ለእሷ ንገራት፣ ከዚያ ና" አሉኝ። ከኪሳቸው ያቺን ጨርቅ አወጡና ለማኔ ሰጧት። "ልጄ፣ ንጹሕ ልብሽን ጊዮርጊስ ተቀብሎታል። ኪኒኑን ለሆስፒታሉ መለስነው። ይኼ የእናትሽ ነው።"

ማኔ ጨርቁን አጠበችው። ገመድ ላይ ሰጥታ እስኪደርቅ ድረስ ከሥሩ ተቀመጠች። ከእኔ ጋር የሚያስፈልገውን ያህል ታወራለች፤ "እራት ቀርቧል"፣ "ይሄነው መጥቶ ነበር"። አባዬ አትለኝም።

ሚያዝያ 23፣ ፋሲካ

ክርስቶስ ተንሥአ ብለን ተመለስን። ይሄነው ዶሮ ወጥ ይዞ መጥቶ ከእኛ ጋር ፈሰከ። ማኔን ሊያስቃት ፈረሱን "ይሄ ደግሞ ሥጋ አምጡ ይላል" እያለ ቀለደ። ፈገግ አለች፣ ለእሱ።

ከሄደ በኋላ እጄን ስለታጠብኩበት ቀን ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሳቁንም ጭምር። አዳመጠችኝ። "ምህረቴም አይታሃለች?" ብቻ ነው ያለችኝ። "አላውቅም" አልኳት።

የማታው ዜና ሲጀምር ጓሮ አልወጣሁም። የእኔን ጠርሙስ ከቆዳው ሥር አወጣሁና ገበታው ላይ ከእሷ ጠርሙስ አጠገብ አቆምኩት። አየችው። የእኔን ዋጥኩ።

እሷ የራሷን መዳፏ ላይ አደረገች። እኔ ሳላስበው ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ ጠበቅሁ። አንገቷን ቀና አላደረገችም። ውኃውን አነሣች፣ ዝም ብላ ዋጠችው።